ንግሥት ወይስ ሠራተኛ፦ የጣዝማ ዕጣ ቤቷ ሳይታሸግ ይወሰናል

ሰቆጣ፦ በዋግ ኽምራ ብሔረሰብ አስተዳደር ዞን የንብ ሀብት ልማት የአርሶ አደሩን ገቢ ለማሳደግ ትኩረት ከሚሰጣቸው የግብርና ዘርፎች አንዱ ነው። የሰቆጣና የአካባቢው ነጭ ማርም ከዞኑ አልፎ በአገር ደረጃ የሚታወቅ ምርት ነው። ይሁንና ማር የምታዘጋጀው በቀፎ የምትረባው ንብ ብቻ አይደለችም። በኢትዮጵያ ከፍተኛ ቦታዎች መሬት ውስጥ ቤቷን ሠርታ የምትኖረውና የማትናደፈው ጣዝማም ማር ታጠራቅማለች። የጣዝማ ማር መጠኑ አነስተኛ ቢሆንም ለሳል፣ ለጉሮሮ ሕመምና ለቁስል ይረዳል ተብሎ ስለሚታመን ከንብ ማር በላቀ ዋጋ ይሸጣል።

ይህ ማር በአብዛኛው የሚገኘው መሬቱን ቆፍሮ ጎጆውን በማፍረስ ነው። ቆፋሪው ማሩን ይዞ ሲሄድ እንቁላሉ፣ እጩና ንግሥቷ ከአፈሩ ጋር ተደባልቀው ይቀራሉ። በቀፎ የምትኖር ንብ ማሯ ሲቆረጥባት ወይም ንግሥቷ ስትሞትባት ብዙ ጊዜ ራሷን ታድሳለች፤ ጣዝማ ግን በዚህ መንገድ ከተቆፈረች በኋላ የመዳን ዕድሏ እጅግ ጠባብ ነው። የልዩነቱ ዋና ምክንያት ንግሥቷ የምትወለድበት መንገድ ነው። ስለሆነም ጉዳዩ የነፍሳት ተመራማሪዎች ብቻ ሳይሆን በግብርና፣ በአካባቢ ጥበቃና በገጠር ሥራ ፈጠራ ዘርፍ የተሰማሩ ኃላፊዎችና ባለሙያዎችም ሊያውቁት የሚገባ ነው።

ንብና ንግሥና በአገው ምድር ትውፊት ውስጥ የተሳሰሩ ናቸው። ቅዱስ ላሊበላ በተወለደ ጊዜ የንብ መንጋ እንደከበበውና ስሙም በአገውኛ "ንብ ንግሥናውን ዐወቀ" የሚል ትርጉም እንዳለው በዋግ ጎረቤት በላስታም ሆነ በመላ አገሪቱ ሲተረክ ኖሯል። በንቦቹ በራሳቸው ዓለም ግን ንግሥና በአብዛኛው ከእናት ወደ ልጅ በዘር የሚተላለፍ ማዕረግ አይደለም። ሳይንሳዊ ጥናቶች እንደሚያመለክቱት የወደፊቷ ንግሥትና የወደፊቷ ሠራተኛ ከአንድ ዓይነት እንቁላል ይፈለፈላሉ፤ የሚለያያቸውም በልጅነታቸው የሚያገኙት ምግብ ነው።

አንድ ዓይነት እንቁላል፣ ሁለት ዕጣ

የንብ ንግሥት የምትጥለው እንቁላል ሁለት ዓይነት ነው። ከወንድ ዘር ጋር ያልተገናኘው እንቁላል ድንጉላ፣ ማለትም ወንድ ንብ ይሆናል። ከወንድ ዘር ጋር የተገናኘው ሴት ይሆናል። ሴቷ እጭ ደግሞ ሠራተኛም ንግሥትም የመሆን ዕድል አላት። ሠራተኛ ብትሆን አካሏ አነስ ይላል፤ የእንቁላል ማፍሪያ ክፍሏ በሚገባ ሳያድግ ይቀራል፤ ዕድሜዋንም ቤት በመሥራት፣ እጭ በመመገብ፣ በር በመጠበቅና ቀለብ በመሰብሰብ ታሳልፋለች። ንግሥት ብትሆን ዋና ሥራዋ እንቁላል መጣል ነው።

በቀፎ በምትኖረው የማር ንብ ዘንድ ይህ እንዴት እንደሚወሰን ለረጅም ጊዜ ተጠንቷል። እጮቹ በሙሉ በመጀመሪያዎቹ ሦስት ቀናት ያህል ሞግዚት ንቦች ከራሳቸው ላይ ባሉ ዕጢዎች በሚያመነጩት ነጭ ፈሳሽ ይመገባሉ። ከዚያ በኋላ ለሠራተኛነት የታሰቡት እጮች ከማርና ከአበባ ዱቄት ጋር የተደባለቀ ምግብ ይሰጣቸዋል። ለንግሥትነት የታሰበችው እጭ ግን ከእንጀራው ጠርዝ ወደ ታች በተንጠለጠለ ሰፊ ቤት ውስጥ ሆና ሮያል ጄሊ የተባለውን ምግብ እስከ መጨረሻው በብዛት ትመገባለች። በዚህም ምክንያት ንግሥቷ እንቁላሉ ከተጣለ በ16 ቀናት ገደማ ስትወጣ፣ ሠራተኛዋ 21 ቀናት ያህል ይፈጅባታል።

ምግቡ ይህን ለውጥ የሚያመጣው የዘር ቅንጣቶቹን ራሳቸውን በመለወጥ ሳይሆን ከእነርሱ የትኞቹ እንደሚሠሩና የትኞቹ እንደሚታፈኑ በመወሰን ነው። በአውስትራሊያ የሚገኙ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2008 ይፋ ባደረጉት ጥናት በእጮች አካል ውስጥ ለዚህ ዓይነቱ አፈና የሚያገለግል አንድ ኤንዛይም እንዳይመረት ሲያግዱ፣ ከእጮቹ አብዛኞቹ የንግሥት ባሕርይ ይዘው አድገዋል።

በዚህ ሂደት ውስጥ ለንብ አርቢው እጅግ ጠቃሚው ነጥብ የማር ንብ እጭ ቤት እስከ እድገቷ መጨረሻ አካባቢ ክፍት ሆኖ መቆየቱ ነው። ሞግዚቶቹ እጯን በየጊዜው እየጎበኙ ስለሚመግቧት ዕጣዋን መለወጥ ይችላሉ። ንግሥቷ በድንገት ብትሞት ሠራተኞቹ ከሦስት ቀን ያልበለጠች እጭ መርጠው፣ ቤቷን አስፍተውና ምግቧን ለውጠው አዲስ ንግሥት ያሳድጋሉ። በዘመናዊ ቀፎ የሚሠራው የንግሥት ማባዛት ቴክኖሎጂም የተመሠረተው በዚሁ ችሎታቸው ላይ ነው።

የጣዝማ አሠራር፦ በአንድ ጊዜ የሚሰጥ ስንቅ

ጣዝማ መናደፊያቸው ከመክሰሙ የተነሣ መናደፍ ከማይችሉት ንቦች ወገን ናት። እነዚህ ንቦች በአፍሪካ፣ በእስያ፣ በአውስትራሊያና በላቲን አሜሪካ ሞቃታማ ክልሎች የሚገኙ ሲሆን ከ500 በላይ ዝርያዎች አሏቸው። በኢትዮጵያም ከአንድ በላይ ዝርያ ይገኛል። አለን ፖሊና ዘውዱ አራርሶ ሆራ የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2013 ስለ ኢትዮጵያ የማር ንቦችና የማይናደፉ ንቦች ባሳተሙት ጥናት፣ ቀደም ሲል በሳይንስ የማይታወቅና በባሌ ስም የተሰየመ አንድ ዝርያ ጭምር አስተዋውቀዋል። በሕዝቡ ዘንድ ጣዝማ በመባል በስፋት የሚታወቀውና መሬት ውስጥ የሚኖረው ዝርያ በሳይንሳዊ ስሙ ሜሊፖኑላ ቤካሪ ይባላል።

የጣዝማ ጎጆ ከማር ንብ ቀፎ በእጅጉ ይለያል። ከውጭ የሚታየው አንዲት ጠባብ መግቢያ ብቻ ናት። ውስጡ ሰም ከዛፍ ሙጫ ጋር ተደባልቆ የተሠራ ነው። ማሩና የአበባ ዱቄቱ የሚቀመጡት በእንጀራ ላይ ሳይሆን በትንንሽ ማሰሮ መሰል ዕቃዎች ነው። እንቁላልና እጭ የሚያድጉባቸው ቤቶች ግን ከማሩ ተለይተው፣ አንዱ በሌላው ላይ እንደተነጠፈ ምጣድ በአግድም ተደርድረው ይገኛሉ።

ዋናው ልዩነት ግን በአመጋገቡ ላይ ነው። በማይናደፉ ንቦች ዘንድ ሠራተኞቹ አንድ ቤት ሠርተው ሲጨርሱ ተራ በተራ እየመጡ ከማር፣ ከአበባ ዱቄትና ከዕጢዎቻቸው ከሚወጣ ፈሳሽ የተዘጋጀ ምግብ ይሞሉበታል። በብዙ ዝርያዎች ከሠራተኞቹ አንዷ ለንግሥቷ ምግብ የሚሆን እንቁላል ትጥላለች፤ ንግሥቷም ያንን ከበላች በኋላ የራሷን እንቁላል በፈሳሹ ምግብ ላይ አቁማ ትጥላለች። ወዲያውኑም አንዲት ሠራተኛ የቤቱን አፍ በሰም ትደፍናለች። ቤቱን መሙላቱ፣ እንቁላሉን መጣሉና ማሸጉ በደቂቃዎች ውስጥ የሚጠናቀቅ ተከታታይ ሥራ ነው።

ከዚያች ሰዓት ጀምሮ እጯን የሚጎበኛት፣ የሚመግባትም ሆነ ምግቧን የሚለውጥላት የለም። መንገደኛ በያዘው ስንቅ እንደሚጓዝ ሁሉ፣ እጯም በታሸገው ቤት ውስጥ የተተወላትን ስንቅ ብቻ እየተመገበች ሙሉ ንብ እስክትሆን ታድጋለች።

የስንቁን መጠን የሚወስነው የቤቱ ስፋት ነው። ከማይናደፉት ንቦች በአብዛኞቹ ወገኖች ሠራተኞቹ ከብዙዎቹ መደበኛ ቤቶች መካከል አልፎ አልፎ፣ በተለይም በድርድሩ ጠርዝ አካባቢ፣ ከሌሎቹ የሚሰፋ ቤት ይሠራሉ። በሰፊው ቤት ውስጥ የሚሞላው ምግብ በዓይነቱ ለሠራተኞቹ ከሚሰጠው ብዙም የተለየ አይደለም፤ መጠኑ ግን በጣም ይበልጣል። በዚያ ውስጥ የተፈለፈለች ሴት እጭ ንግሥት ትሆናለች፤ በመደበኛው ቤት የተፈለፈለችው ሠራተኛ ትሆናለች። በብራዚል በቤተ ሙከራ የተካሄዱ ጥናቶች ይህንኑ አረጋግጠዋል። ለሠራተኛነት የታሰቡ እጮች በሰው ሠራሽ ቤት ውስጥ ተጨማሪ ምግብ ሲያገኙ ንግሥት ሆነው ወጥተዋል።

ስለዚህ በማር ንብ ዘንድ ውሳኔው እጯ ከተፈለፈለች በኋላም ቢሆን ሊሻሻል ይችላል። በጣዝማ ወገን ግን እንቁላሉ ከመጣሉ በፊት፣ ቤቱ ሲሠራ የተወሰነ ጉዳይ ነው።

ከተለመደው የወጡ መንገዶች

ይህ አጠቃላይ ደንብ የራሱ ልዩነቶች አሉት። ከሁሉም በላይ ተመራማሪዎችን ያነጋገረው በላቲን አሜሪካ ብቻ የሚገኘው ሜሊፖና የተባለው ወገን ነው። በዚህ ወገን ንግሥት፣ ሠራተኛና ድንጉላ የሚያድጉት በስፋታቸው እኩል በሆኑ ቤቶች ውስጥ ነው። ይሁን እንጂ ንግሥቶች ከሌሎቹ የማይናደፉ ንቦች ይልቅ በብዛት ይወለዳሉ።

ብራዚላዊው የሥነ ዘር ሊቅ ዋርዊክ ኬር እ.ኤ.አ. በ1950 ባሳተመው ጥናት በሜሊፖና ዘንድ ንግሥትነት በዘር ቅንጣቶች ቅንብር እንደሚወሰንና በቂ ምግብ ሲኖር ከሴት እጮች እስከ አንድ አራተኛ የሚደርሱት ንግሥት ሊሆኑ እንደሚችሉ አመለከተ። በኋላ የተደረጉ ሙከራዎች የእድገት ሆርሞን የተቀቡ ሴት እጮች ወደ ንግሥትነት እንደሚለወጡ አሳዩ። እ.ኤ.አ. በ2010 የወጣ ሌላ ጥናት ደግሞ በሞግዚት ንቦች ዕጢ ውስጥ የሚገኘውና ወደ እጮቹ ምግብ የሚገባው ጄራኒዮል የተባለ ንጥረ ነገር በአንድ የሜሊፖና ዝርያ ንግሥቶች እንዲበዙ እንደሚያደርግ ገለጸ። በዚህም በሜሊፖና ዘንድ ዘርና ምግብ ተባብረው እንደሚሠሩ የሚያስረዳው አስተያየት ተጠናክሯል።

ንግሥቶች ከሚፈለጉት በላይ ሲወለዱ አብዛኞቹ ከቤታቸው እንደወጡ በሠራተኞቹ ይገደላሉ። ሁሉም እጮች ንግሥት ቢሆኑ ቤት የሚሠራና ቀለብ የሚሰበስብ ስለማይኖር ኅብረ ንቡ ይፈርሳል። ስለሆነም ሠራተኞቹ በታሸገ ቤት ውስጥ ሊቆጣጠሩት ያልቻሉትን ጉዳይ እጮቹ አድገው ሲወጡ ይቆጣጠሩታል።

ሌላው መንገድ ቤቶቻቸውን እንደ ወይን ዘለላ አሰባስበው ከሚሠሩ አንዳንድ ትንንሽ ዝርያዎች የተገኘ ነው። በእነዚህ ዘንድ አንዲት እጭ የጎረቤቷን ቤት ግድግዳ በስታ የዚያን ቤት ስንቅ ጭምር ትመገባለች፤ በሁለት ቤት ስንቅም ንግሥት ትሆናለች። ንግሥት በሞተ ጊዜ ሠራተኞቹ ከእጯ ቤት አጠገብ ምግብ የተሞላ ተጨማሪ ቤት ሠርተው ይህንኑ ዕድል የሚፈጥሩባቸው ዝርያዎችም አሉ። በሌሎች ዝርያዎች ደግሞ በመደበኛ ቤት ውስጥ አድገው አካላቸው ከሠራተኛ የማይበልጥ ድንክ ንግሥቶች ይወለዳሉ።

ጣዝማ ስትቆፈር የሚጠፋው

ከላይ የተገለጸው አሠራር በተግባር ሁለት ውጤቶች አሉት።

የመጀመሪያው ንግሥትን የመተካት ጉዳይ ነው። የማር ንብ ንግሥቷ ብትሞትባት ከነበሯት እጮች አንዷን ታነግሣለች። ሰፊ ቤት በሚሠሩት የማይናደፉ ንቦች ዘንድ ግን በመደበኛ ቤት የታሸገች እጭ ሌላ ምግብ አታገኝም። ተተኪ የምትገኘው አስቀድሞ የታሸገ የንግሥት ቤት ወይም ተፈልፍላ በጎጆው ውስጥ የምትጠብቅ ድንግል ንግሥት ካለች ነው። በአንዳንድ ዝርያዎች ሠራተኞቹ ድንግል ንግሥቶችን በሰም በተሠራ ማረፊያ ዘግተው እንደ ተጠባባቂ ያቆያሉ። ቆፋሪው የእጩን ቤቶች ከማሩ ጋር አፍርሶ ሲጥል ያለችውንም የምትተካውንም በአንድ ጊዜ ያጠፋል።

ሁለተኛው ደግሞ ንግሥቷ መብረር አለመቻሏ ነው። የማይናደፉ ንቦች ንግሥት ከተጠቃችና እንቁላል መጣል ከጀመረች በኋላ ሆዷ እጅግ ስለሚያብጥ ክንፎቿ ሊሸከሟት አይችሉም። የማር ንብ ንግሥት አካባቢው ሲከፋ ከመንጋዋ ጋር ኮብልላ ሌላ ቦታ ልትሰፍር ትችላለች፤ የጣዝማ ንግሥት ግን ጎጆዋ ሲፈርስ ከፍርስራሹ ጋር ትቀራለች።

አዲስ ኅብረ ንብ የሚመሠረትበት መንገድም ከዚሁ ጋር ይያያዛል። ከማር ንብ በተለየ መልኩ አሮጊቷ ንግሥት በቤቷ ትቆያለች። ሠራተኞች አስቀድመው አዲስ ጎድጓድ ፈልገው ከእናት ጎጆ ሰም፣ ሙጫና ምግብ እያመላለሱ ያደራጁታል፤ ከዚያም ድንግሏ ንግሥት ወደ ተዘጋጀላት ቤት ትሄዳለች። ልጅ ጎጆ ለተወሰነ ጊዜ በእናት ጎጆ ስንቅ ስለሚደገፍ ከእናት ጎጆ ብዙም ሊርቅ አይችልም። በአንድ ተዳፋት ላይ ያሉ ጎጆዎች በሙሉ ተቆፍረው ካለቁ ጣዝማ ከሩቅ መጥታ ቦታውን የምትሞላው በዝግታ ነው።

ለልማት ሥራ ያለው ፋይዳ

ዋግ ኽምራ እ.ኤ.አ. ከ2020 እስከ 2022 በሰሜን ኢትዮጵያ የተካሄደው ጦርነት፣ ከዚያም እ.ኤ.አ. በ2023 የተከሰተው ድርቅ ከጎዷቸው አካባቢዎች አንዱ ነው። እንዲህ ባለ አካባቢ ሰፊ መሬትና ብዙ መነሻ ካፒታል የማይጠይቁ የገቢ ምንጮች ትልቅ ትርጉም አላቸው። ጣዝማ አትናደፍም፤ ስለዚህ በመኖሪያ አካባቢ ለማርባትም ሆነ ለሴቶችና ለአረጋውያን አመቺ ናት። የአበባ ዘር በማዳቀልም ለሰብልና ለዕፅዋት አገልግሎት ትሰጣለች። የሆለታ ንብ ምርምር ማዕከል ተመራማሪዎች ጣዝማን ከመሬት ወደ ቀፎ አዛውሮ ስለ ማርባት ያካሄዷቸው ጥናቶች፣ ጎጆ ሳያፈርሱ ማር ማግኘት እንደሚቻል የሚያመለክቱ ናቸው።

ማዛወሩ ውጤታማ የሚሆነው ግን የንግሥቷን ባሕርይ ባገናዘበ ጥንቃቄ ሲሠራ ነው። ሆዷ ያበጠችው ንግሥት ተፈልጋ ሳትጎዳ መነሣት አለባት፤ በርራ ወደ ቀፎው ትገባለች ተብሎ አይጠበቅም። የእጭ ቤቶቹ ድርድርም ከነጠርዙ ሙሉውን መዛወር ይኖርበታል፤ የንግሥት ቤት ብዙ ጊዜ የሚገኘው በጠርዙ ላይ ነውና። ከሁሉም በላይ ድርድሩ መገልበጥም ሆነ መናወጥ የለበትም። እንቁላሉና ለጋው እጭ በፈሳሽ ምግብ ላይ ቆመው የሚኖሩ በመሆናቸው ቤቱ ከተገለበጠ በስንቃቸው ውስጥ ሰምጠው ይሞታሉ። የተሰበሩ የማርና የአበባ ዱቄት ማሰሮዎች ጉንዳንና ዝንብ ስለሚስቡ ወደ አዲሱ ቀፎ ባይገቡ ይመረጣል። ማር ሲቆረጥም ረጅሙን የበጋ ወቅት የሚያሻግር ቀለብ ሊተውላት ይገባል።

ጉዳዩ የንብ ባለሙያውን ብቻ የሚመለከት አይደለም። በየዓመቱ በሕዝብ ተሳትፎ የሚከናወነው የተፋሰስ ልማት ሥራ እርከንና ጉድጓድ መቆፈርን ይጠይቃል። ሥራው ከመጀመሩ በፊት የአካባቢው ነዋሪዎች የሚያውቋቸውን የጣዝማ መግቢያዎች በምልክት ለይቶ መስመሩን ማዛነፍ ብዙ ወጪ የሚያስከትል አይደለም። ከሰውና ከእንስሳት ንክኪ ነፃ ሆነው ያገገሙ ተራሮች ለወጣቶች ማኅበራት ለንብ ማነቢያ ሲሰጡም፣ የመተዳደሪያ ደንቡ ስለ ቀፎ ብቻ ሳይሆን በዚያው መሬት ሥር ስላለችው ጣዝማም የሚናገር አንቀጽ ቢኖረው ጠቃሚ ነው። ፀረ ተባይ ኬሚካል በሚረጭበት ወቅት ለማር ንብ የሚደረገው ጥንቃቄ ለጣዝማም ያስፈልጋል፤ ቀፎን ለጊዜው መዝጋትና ማንሣት ሲቻል መሬት ውስጥ ያለን ጎጆ ግን ማንሣት አይቻልምና።

የጣዝማ ማር ከንብ ማር ይልቅ የውኃ መጠኑ ከፍ ያለና ጣዕሙም ኮምጠጥ ያለ በመሆኑ ለንብ ማር በወጣው የጥራት መለኪያ ብቻ ሊመዘን አይገባም። የአያያዝና የሽያጭ ሥርዓቱም ይህንን ማገናዘብ ይኖርበታል። በሌላ በኩል የትኛውም ዓይነት ማር ከአንድ ዓመት በታች ለሆኑ ሕፃናት መሰጠት እንደሌለበት የጤና ባለሙያዎች ይመክራሉ፤ የጣዝማ ማር በመድኃኒትነቱ መታወቁ ከዚህ ምክር ነፃ አያደርገውም።

የጣዝማ ንግሥት ዙፋኗን የምታገኘው ሠራተኞች አስቀድመው ባሰናዱላት ሰፊ ቤትና በተተወላት ስንቅ ነው። ቤቱ ከታሸገ በኋላ የሚጨመርላት ነገር የለም። በመሬት ሥር የታሸጉት እነዚያ ጥቂት ሰፋፊ ቤቶች ሳይፈርሱ ከቆዩ በሚቀጥለው ዓመትም ከዚያው ተዳፋት ማር ይገኛል።